ሰባተኛው ቅብ

ደብረ ብርሃን ላይ ቫርኒሽ አይደርቅም፤
ይሄን የማያውቅ አናጢ አይጠቅም።
ጠዋት የቀባሁት፣ ማታ ሄጄ ባየው
ጣቴን ያዝ ያደርጋል፣ እንዳበዳሪ ሰው።

በር ሠርቻለሁ፤ አልጋም፣ ሣጥንም፤
ለማያስፈልግ ነገር እንጨት ቆርጬ አላውቅም።
ይቺ ዝግባ ግን፣ ስምንት ክንድ የሞላች፣
ጉጥ የሌለባት፣ እንደ ጅማት የቀናች፣
ለበር ልቆርጣት ስል መጋዙ እምቢ አለ።
(ውሸቴን ነው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።)

ሰው መቼም ይጠይቃል፦ «ጋሽ ገዝሙ፣ ምንድን ነው?
የከብት ገንዳ ነው? ወይስ ሬሳ ሣጥን፣ ለረዥም ሰው?»
«ታንኳ ነው» ስላቸው ዝም ይላሉ ደግሞ።
ባለጋሪው ብቻ፣ ቆሞ ቆሞ ቆሞ፣
«በረሳ ላይ?» አለኝ። በጥር ወር በረሳ፣
በግ ጠጥቶ ቀና ሲል የምትረሳ።

የመጀመሪያው ቅብ ለእንጨቱ ነው፤ ይጠጣል።
ሁለተኛው ለዓይን ነው። ሦስተኛው ይቆጣል፣
ፀጉሩን ያቆማል እንደ ድመት ጀርባ፤
በብርጭቆ ወረቀት አባብዬ ልግባ
ስል ይመሻል።
ቀብቶ መፋቅ፣ ፍቆ መቀባት፤
ከጣሳው የወጣው ግማሹ ዱቄት
ሆኖ ቅንድቤ ላይ ይቀራል። ምንተስኖት፣
ተለማማጄ፣ «ጋሼ ሸበቱ» ይላል ሲስቅ፤
ዱሮስ መች ጠቁሬ። ልጅ ምኑን ሊያውቅ።

ሆዷን ቀለም ቀባን፤ አረንጓዴ፣
ከትምህርት ቤቱ በር የተረፈ፣ ለአንዴ
ብቻ የሚበቃ። በአኳራጅ አቅጥነን አበዛነው፤
ምንተስኖት ዳሩን ሲያልፈው ሲያልፈው
ሲመሽ ጫማውም አረንጓዴ ነው።

ላይዋ ግን ይታይ አልኩ፣ የእንጨቱ መልክ ይታይ።
ስፍቅ ስፍቅ ደረስኩ፣ ከወገቧ በላይ፣
በእርሳስ ከተጻፈ፦ «እዚህ ጋ»።
የደብሪቱ ጽሕፈት ነው። ባለፈው በጋ
የሜትሩን ጫፍ ይዛ እሷ ነበረች፤
«ጋ» ዋ ጎበጥ ብላ፣ እግሯን የዘረጋች።
ከዚያ ጉልበቷን ብርዱ ሲበላት
ሸዋ ሮቢት፣ ልጃችን ቤት፣ ይሞቅሻል አልኳት።
ሄደች።
ብርጭቆ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።
እዚያ ጋ አልፋቅሁም። በላዩ ቀባሁት።

ስድስተኛውን ቅብ ሌሊት ውርጭ መታው፤
ሲነጋ ወተት መስሏል፣ ሞራ እንደጋረደው
ዓይን። ታንኳዬ ታወረች። ተሳደብኩ።
ስድቡን አልጽፍም። ፋቅሁ፤ ደግሜ ቀባሁ፤ ያው።
«ቆላ አውርዳት እንጂ» አለኝ ባለጋሪው፤
«ብርድ ለመታው ሰውም መድኃኒቱ ቆላ ነው።»

ሰባተኛውን ቅብ ሳይደርቅ ጫንኩት፤
አይሱዙ ላይ፣ ከድንች ማዳበሪያ በላይ፣ ሳልሸፍን አሰርኩት፣
የሸፈንኩት ሁሉ ይጣበቃልና።
ጣርማበር ዋሻው ውስጥ ጭስ ጠጣች፤
ከዋሻው ስትወጣ ጉም ላይ ተኛች፤
ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች ሲሻሙ
ሁለት ፍሬ ገብስ አፍንጫዋ ላይ ቆሙ።
አርማንያ ትንኝ፤ ከዚያ ወዲያ አቧራ፤
መንገዱ በሙሉ ተለጠፈ በተራ።

ደብሪቱ በዱላ ወጣች። ዞረቻት አንዴ።
«ሆዷ ምነው እንዲህ፣ የትምህርት ቤት በር አረንጓዴ?»
አጎነበሰች። አነበበች። ቆየች።
«ፊደሌ ያስጠላል» አለች።
ጣቷን ሰደደች፣ አሳረፈች፣ አነሣች፤
«አልደረቀም» አለች።
«ይደርቃል» አልኳት። በቀሚሷ ጠረገች።

አሻራዋ እዚያው ነው፣ ከ«ጋ» ው ጎን።
ስምንተኛ ቅብ? ጣሳው ይዤዋለሁ፤ ብሩሹ ግን
ደብረ ብርሃን፣ አኳራጅ ውስጥ፣ ረሳሁት።
ውሃው? ሮቢ ሲሞላ እናያለን።
ለጊዜው ማንጎው አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ናት፤
እኔም በርጩማ ይዤ ተቀምጫለሁ፣
ዶሮዋ እንዳትወጣባት።